ሙቀትን በሌሊት መግዛት ለማን ይበጃል?

በብሪታንያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ፥ በተለይም በለንደንና በሌሎች ታላላቅ ከተሞች ፎቅ ላይ ፍላት ተከራይተው የተቀመጡት፥ ከግድግዳው ሥር ተለጥፎ ያገኙት ከባድ የብረት ሣጥን ምን እንደ ሆነ፥ ለምንስ ከንጋት ጀምሮ ሲግል ውሎ ማታ በሚፈለግበት ሰዓት እንደሚበርድ የሚያስረዳቸው ሳያገኙ ብዙ የብርድ ወራት ያሳልፋሉ። ይህ ሣጥን ስቶሬጅ ሂተር የሚባለው ሙቀት የሚያከማች የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ ከእርሱም ጋራ የሚሄደው፥ ሌሊት ረክሶ ቀን የሚወደደው ኢኮኖሚ ሰቨን የተባለው ታሪፍ ነው። የሁለቱን ጠባይ ያልተረዳ ቤተ ሰብ ቤቱም ሳይሞቅለት ገንዘቡም ሳይተርፍለት ይኖራልና፥ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

መነሻው ከኀይል ማመንጫው ነው። በድንጋይ ከሰል ወይም በኑክሌር ኀይል የሚሠራ ታላቅ ማመንጫ፥ ሕዝቡ ስለ ተኛና ፋብሪካው ስለ ተዘጋ ብቻ በየሌሊቱ ጠፍቶ በየማለዳው የሚነሣ ነገር አይደለም፤ ማጥፋቱም ማስነሣቱም ብዙ ጊዜና ብዙ ወጪ ይጠይቃልና። የብሪታንያ የኤሌክትሪክ ሹማምንት ይህን ፈላጊ ያጣ የሌሊት ኀይል ለመሸጥ ሲሉ፥ ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የሌሊቱን ዋጋ ዝቅ አድርገው ሙቀት አከማች ማሞቂያዎችን በሕዝቡ ዘንድ አስፋፉ፤ በ1978ም እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ኢኮኖሚ ሰቨንን አወጡ። በዚህ ታሪፍ ከመዓልትና ከሌሊት 24 ሰዓታት ውስጥ 7ቱ ይረክሳሉ፥ 17ቱ ይወደዳሉ። የርካሹ ጊዜ እንደ አካባቢው ጥቂት ይለያያል እንጂ፥ በብዙ ቦታ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው።

ይህ ማሞቂያ በፎቅ ቤቶች የበዛበት አንዱ ምክንያት የሚያሳዝን ታሪክ አለው። በሜይ 16 ቀን 1968 ማለዳ፥ በምሥራቅ ለንደን ሮናን ፖይንት በሚባል፥ ነዋሪ ከገባበት ገና ሁለት ወር ገደማ በሆነው ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ፥ በ18ኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴት ሻይ ልታፈላ ክብሪት በጫረች ጊዜ አፈትልኮ የነበረው ጋዝ ፈነዳ፤ የፍንዳታውም ግፊት ግድግዳውን አውጥቶ ስለ ጣለው የሕንፃው አንድ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተደርምሶ 4 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ በተገጣጣሚ የኮንክሪት ሰሌዳ ከተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ከብዙዎቹ የጋዙ መስመር ተነሥቶ በምትኩ ኤሌክትሪክ ገባባቸው። እርግጥ ነው፥ የጋዝ ዋጋ ከሌሊቱ ኤሌክትሪክ ዋጋ እንኳ ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ነገር ግን ጋዝ በሌለበት ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ ክርክር አይጠቅመውም።

የማሞቂያው አሠራር ቀላል ነው። የፊት ክዳኑ በባለሙያ እጅ ሲነሣ (ሌላ ሰው ፈጽሞ ሊነካው አይገባም) መጀመሪያ ሙቀት የማያስተላልፍ ወፍራም ሽፋን ይታያል፤ ከእርሱም በስተኋላ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ፥ ለአንድ ሰው ጉልበት የሚከብዱ ጥቅጥቅ ያሉ ጡቦች፥ በጡቦቹም መካከል በኤሌክትሪክ የሚግሉ ዘንጎች አሉ። የርካሹ ሰዓት ሲገባ ቆጣሪው አጠገብ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጡቦቹ እስከ ብዙ መቶ ዲግሪ እየጋሉ ያድራሉ፥ ንጋት ላይ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፥ ያከማቹትንም ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቀስ እያሉ ይሰጣሉ። በመከር ወራት እህል ሲረክስ ገዝቶ ጎተራውን የሚሞላ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ጎተራ የሚያፈስ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ቤት ቢኖርም ባይኖርም፥ ቢፈልግም ባይፈልግም፥ በተለይ ከአሮጌው ማሞቂያ ሙቀቱ ከማለዳ ጀምሮ ይወጣል፤ ሲመሽም ጡቡ ለብ ብሎ ይቀራል።

በሣጥኑ አናት ላይ ያሉት ሁለት መዘውሮች የብዙ ሰው ችግር ምንጮች ናቸው። ኢንፑት የሚለው በዚህ ሌሊት ምን ያህል ሙቀት እንዲከማች ይወስናል፤ አውትፑት የሚለው ደግሞ በውስጥ ያለውን የአየር መውጫ እየከፈተና እየዘጋ ሙቀቱ እንዲፈጥን ወይም እንዲዘገይ ያደርጋል። አውትፑቱን ከፍቶ የሚተኛ ሰው ገና ወደ ጡቡ የሚገባውን ሙቀት ተኝቶ ሳለ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ሲተኙ መዝጋት፥ ከቀትር በኋላ እንደ ብርዱ መጠን መክፈት ያስፈልጋል። ኢንፑቱም የነገውን አየር ዛሬ ማታ መገመት ይጠይቃል፤ ነገ ፀሓይ ቢወጣ የተከማቸው ሙቀት መስኮት ተከፍቶለት ወደ ውጭ ይባክናል፥ ነገ ድንገት በረዶ ቢጥል ደግሞ የተከማቸው አይበቃም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ዋጋው በየጊዜው ይለዋወጣልና ለምሳሌ ያህል ብቻ፥ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በኢኮኖሚ ሰቨን ቀን በ31 ፔንስ፥ ሌሊት በ16 ፔንስ ይሸጣል እንበል፤ ቀንና ሌሊት በማይለየው ታሪፍ ደግሞ 25 ፔንስ ይሁን። ከ100 ኪሎዋት ሰዓት 40ውን በሌሊት የሚጠቀም ቤት በሁለቱም ታሪፍ እኩል 25 ፓውንድ ይከፍላል። የሌሊት ድርሻው 60 ቢሆን በኢኮኖሚ ሰቨን 22 ፓውንድ ይሆንለታል፤ 20 ብቻ ቢሆን ግን 28 ይሆንበታል። ማሞቂያው ተነቅሎ ሳለ ታሪፉ ሳይለወጥ የቀረባቸው፥ ወይም ማሞቂያውን ዘግተው በሶኬት የሚሰካ ትንሽ ሂተር ቀን ቀን የሚያበሩ ቤተ ሰቦች በዚህ ሦስተኛ ወገን ይገኛሉ፤ እጅግ የሚያሳዝነኝም የእነርሱ ነገር ነው፥ በውድ ዋጋ ብርድ የሚገዙ ናቸውና።

እንግዲህ ለፍላት ይስማማል ወይ የሚለው ጥያቄ በእኔ ፍርድ ከፍላቱ ይልቅ በቀን ቤት በሚውለው ሰው የሚመለስ ነው። ከቤት የማይወጡ አረጋውያን፥ ሕፃን ታቅፋ የምትውል እናት፥ በእንክብካቤ ቤት ወይም በሆስፒታል ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው፥ ሙቀቱ በሚወጣበት ሰዓት ቤት ስለሚገኙ የከፈሉበትን ያገኛሉ። ማለዳ ወጥተው ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚመለሱ ባልና ሚስት ግን ቀኑን ሙሉ ባዶ ቤት ሲያሞቁ ውለው፥ ሲገቡ ብርድ ይቀበላቸዋል። የፍላቱም አቀማመጥ ቢሆን ዋጋ አለው፤ ከላይም ከታችም ከጎንም ጎረቤት ያለው መካከለኛ ፍላት ሙቀቱን ይዞ ይውላል፥ ከጣራ ሥር በማዕዘን ያለው ግን በሁለትና በሦስት በኩል ለነፋስ የተጋለጠ ነውና ቶሎ ይበርዳል።

የእኛን ቤት በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ብዙ ኀይል ይወስዳል፤ መጋገሪያው ሰዓት ከቀትር በኋላ ከሆነ፥ በማሞቂያው የተረፈው ገንዘብ በምጣዱ ይሄዳል። ሊጡ ኩፍ ብሎ ካደረ ርካሹ ሰዓት ሳያልቅ ማለዳ መጋገር ይቻላል፤ ለብዙ እናቶች ግን ይህ ድካም መሆኑን ዐውቃለሁና ትእዛዝ አላደርገውም። የገላ መታጠቢያውን ውሃ በበርሜል የሚያሞቅ ቤት ካለ፥ እርሱ በሌሊት ዋጋ መሞቁን ማረጋገጥ ከሁሉ የቀለለና የሚጠቅም ነው። የልብስ ማጠቢያን ሁሉም ተኝቶ ሳለ ማሠራትን ግን የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞች አይመክሩትም። በማሞቂያው ላይም ልብስ ማስጣት እሳት ያስነሣልና ከቶ አይገባም።

ከ2018 ወዲህ ለገበያ የሚቀርቡት አዲሶቹ ማሞቂያዎች በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የሚሠሩ ናቸው፤ ከእነርሱም የተሻሉት ሽፋናቸው ወፍራም ሆኖ፥ ሙቀቱን በታዘዙበት ሰዓት በማራገቢያ የሚያወጡ ስለሆኑ ማታ ለሚገባ ሰው አሮጌዎቹ የነሡትን ይሰጡታል። ዋጋቸው ግን ከባድ ነው፤ የቤቱም ባለቤት እንጂ ተከራዩ ሊገዛቸው አይገባም። ሌላም ነገር አለ፤ ከአሮጌዎቹ ቆጣሪዎች ብዙዎቹ የርካሹን ሰዓት የሚያውቁት የቢቢሲ ሬዲዮ 4 በረጅም ሞገድ በ198 ኪሎኸርትዝ በሚያስተላልፈው ስውር ምልክት ነበረ፤ ይህም አገልግሎት ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲዘጋ ስለ ተወሰነ፥ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ያለው ሁሉ በስማርት ሚተር እንዲለወጥለት አቅራቢውን መጠየቅ አለበት። አለዚያ ማሞቂያው ጨርሶ ሳይሞቅ ወይም በውዱ ሰዓት ሲሞቅ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ፍላት ከመከራየትህ በፊት ቆጣሪው ባለ አንድ ንባብ ወይስ ባለ ሁለት ንባብ መሆኑን ጠይቅ፤ በውስጡ የምትኖር ከሆነም የቅርቡን ቢል አውጥተህ የሌሊቱን ኪሎዋት ሰዓት ለጠቅላላው አካፍል። ከመቶ 40 በታች ከሆነና ልማድህን መለወጥ ካልቻልህ፥ ቢሉን የምትከፍለው አንተ ነህና አቅራቢህን ወይም ታሪፍህን የመለወጥ መብት አለህ፤ ቆጣሪው ራሱ የሚለወጥ ከሆነ ግን አስቀድመህ ለቤቱ ባለቤት ንገር። እንግሊዝኛ ለማያነቡ አረጋውያን ጎረቤቶችህም ይህንኑ ሒሳብ ተቀምጠህ ሥራላቸው።