የማይረዳው መድኃኒት ለምን ይታዘዛል?

የአራት ወር ሕፃን ነው። ሁለት ቀን አፍንጫው ሲፈስ ከርሞ በሦስተኛው ቀን ሳሉ ጠነከረ። ጡት ይይዝና ወዲያው ይለቃል፤ አፍንጫው ስለተደፈነ እየጠባ መተንፈስ አቅቶታል። ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የሕፃናት ሐኪም ይህን ልጅ ሲያይ የበሽታውን ስም ለማወቅ ብዙ አይቸገርም፤ ብሮንኮላይተስ ነው። አስቸጋሪው ምን ይሰጠው የሚለው ነው።

ከሁሉ በላይ በሽታውን የሚያመጣው አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ ነው። ቀጫጭኖቹ የሳንባ አየር ቧንቧዎች ውስጣቸው ያብጣል፤ የሞቱ ሴሎች ከአክታ ጋር ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ቬንቶሊን የሚባለው ሳልቡታሞል ደግሞ ሥራው በቧንቧው ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ማላላት ነው። አስም የያዘውን ሰው የሚያሳርፈውም በዚህ ምክንያት ነው። የሕፃኑ ችግር ግን በዋናነት እብጠትና አክታ እንጂ የጡንቻ መኮማተር አይደለም። አንቲባዮቲክም ቫይረስ አይነካም። እብጠት ይቀንሳል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ስቴሮይድ በ600 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2007 ታትሟል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ20 የአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች ዴክሳሜታዞን ከተሰጣቸው 39.7 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 41 በመቶ ሆስፒታል ተኙ። ጠቀመ ሊያሰኝ የሚችል ልዩነት አልተገኘም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ2006 ባወጣው መመሪያ ቬንቶሊንን ሞክሮ፣ ለውጥ ካልታየ ማቆምን ፈቅዶ ነበር። የ2014ቱ መመሪያ ይህንንም ከለከለ። ሳልቡታሞል፣ አድሬናሊን፣ ስቴሮይድ አይሰጥ፤ ባክቴሪያ ካልተገኘ ወይም በጥብቅ ካልተጠረጠረ አንቲባዮቲክ አይታዘዝ፤ ራጅም እንደ ልማድ አይነሳ ይላል። በ2015 የወጣው የእንግሊዝ መመሪያም፣ በ2016 የወጣው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ መመሪያም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ለሐኪሙ የቀረው አፍንጫ ማጽዳት፣ ፈሳሽና ምግብ መስጠት፣ ኦክስጅን ሲያንስ ኦክስጅን ማድረግ፣ መከታተል ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሐኪም ግን ዛሬም ቬንቶሊን በኔቡላይዘር ያዝዛል። ሐኪሞች አያነቡም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። የበሽታው አካሄድ ራሱ ሰውን ያሳስታል፤ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ይብስና ከዚያ በኋላ በራሱ ይበርዳል። እናት ልጇን ይዛ የምትሮጠው በከፋው ቀን ነው። ስለዚህ ያን ቀን የተሰጠው ነገር ሁሉ፣ ውኃም ቢሆን፣ ከሁለት ቀን በኋላ አዳነው ይባላል። ሐኪሙም ይህንኑ ደጋግሞ አይቶ መድኃኒቱን ያምነዋል። ራጁም የራሱ መዘዝ አለው። አክታ የደፈነው የሳንባ ክፍል አየር አጥቶ ሲጨማደድ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሳንባ ምች ነው ይባልና አንቲባዮቲክ ይከተላል።

መለኪያ ላይ የሚነበብ ቁጥርም በሐኪም ውሳኔ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት ያሳያል። ቀላልና መካከለኛ ብሮንኮላይተስ ይዟቸው ድንገተኛ ክፍል የመጡ 213 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን የኦክስጅን መለኪያው ትክክለኛውን ቁጥር አሳየ፤ ለሁለተኛው ከእውነተኛው 3 ነጥብ ከፍ አድርጎ አሳየ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሐኪሞቹ አላወቁም። ትክክለኛው ቁጥር ከታየላቸው 41 በመቶው በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ተኙ፤ ከፍ ያለው ከታየላቸው ግን 25 በመቶው ብቻ። በሕመማቸው የሚመሳሰሉ ልጆች አልጋ የያዙት ወይም ቤታቸው የገቡት ስክሪን ላይ በበራች ቁጥር ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የማይረዳውን የማዘዝ ልማድ ይለወጣል? በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 26 ሆስፒታሎች በ2017 ተፈትኗል። ግማሾቹ መመሪያው ብቻ ነበራቸው። ለሌሎቹ በየሆስፒታሉ የሚመሩ ሐኪሞችና ነርሶች ተመደቡ፤ ባልደረቦቻቸውን አሠለጠኑ፣ የራሳቸውን ክፍል አሠራር መዝግበው መልሰው አሳዩአቸው። መመሪያው ብቻ ባላቸው ሆስፒታሎች በመጀመሪያው 24 ሰዓት ራጅም፣ ከመድኃኒቶቹ አንዱም ያልታዘዘላቸው ሕፃናት 73 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ 85.1 በመቶ ደረሱ። ሰው የሚለወጠው ከጎኑ የሚሠራ ባልደረባው የገዛ ሥራውን ቆጥሮ ሲያሳየው ነው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከ2010 ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላ ሳንባ ምችን እንዲያክሙ ተፈቅዷል። መለያው ትንፋሽ ነው፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳንባ ምች ተብሎ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ይሰጠዋል። ያ የአራት ወር ሕፃንም በዚህ ቆጠራ ሳንባ ምች ሊባል ይችላል። ሠራተኛዋን ስሕተት ሠራሽ የምል አይደለሁም። ራጅ በሌለበት፣ ሆስፒታል በሚርቅበት ቦታ እውነተኛ ሳንባ ምች ቢያመልጣት ልጁ ይሞታል። ነገር ግን የሂብ ክትባት በ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባት በ2011 ከገቡ በኋላ የባክቴሪያው ድርሻ እየቀነሰ የቫይረሱ እየጎላ መሄዱ የሚጠበቅ ነው። በአፍሪካና በእስያ ሰባት አገሮች የተካሄደውና በ2019 የታተመው ትልቅ ጥናት በከባድ ሳንባ ምች ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ቀዳሚው መንስኤ አርኤስቪ ሆኖ አግኝቶታል፤ ድርሻውም 31 በመቶ ገደማ ነው። እኛ የሚያስፈልገን የአሜሪካውን ክልከላ መገልበጥ ሳይሆን የትኛው ልጅ ኦክስጅን እንዳነሰው የሚነግር መለኪያ፣ ለሕፃን ጣት የሚሆን፣ በየጤና ጣቢያው ማግኘት ነው።

የመተንፈስ ድጋፍ ራሱ ሕክምና መሆኑንም እዚሁ አይተናል። በ12 የኢትዮጵያ አጠቃላይ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2024 የታተመ ሙከራ፣ ከባድ ሳንባ ምችና የኦክስጅን እጥረት ለነበረባቸው ሕፃናት በርካሽ ዋጋ የሚገጠም ባብል ሲፓፕ ሰጠ። የኦክስጅኑ ቱቦ በአፍንጫ ይገባል፤ ትንፋሹ የሚወጣበት ጫፍ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠመቃል። ውኃው እየተንቦጫቦጨ የሚፈጥረው ግፊት ቧንቧዎቹ እንዳይዘጉ ይይዛቸዋል። ከተለመደው ኦክስጅን ጋር ሲነጻጸር ሕክምናው የማይሳካላቸውም የሚሞቱትም ልጆች ቀነሱ።

ቤቷ ለምትመለሰው እናት ደግሞ ከሽሮፑ ይልቅ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ የሚነግራት ነገር ይበልጣል። ሳሉ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል፣ ጡቱን በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ እንድትሰጠው፣ ከማጥባቷ በፊት አፍንጫውን በጨው ውኃ እንድታጸዳለት። ጡት እምቢ ካለ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ቆም ቆም ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳታመነታ ይዛው እንድትመጣ።