«ዲስኩ ሞልቷል» ሲባል ፎቶግራፍ አይሰረዝም

አንድ ባልንጀራዬ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተቀጥሮ ይሠራል። ባለፈው ዓመት በማግሥቱ ለሚደረግ ስብሰባ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ባነር እንዲያዘጋጅ ታዘዘና ማታ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፎቶሾፕ አንድ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ አወጣበት፤ ትርጓሜውም ስክራች ዲስኩ ስለ ሞላ የታዘዘውን ለመፈጸም አልተቻለም የሚል ነው። እርሱ ግን «ዲስክ» እና «ሞልቷል» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ያዘና የመሥሪያ ቤቱን የሦስት ዓመት ፎቶግራፍ መሰረዝ ጀመረ። ከዚያው መካከል አስቀምጦት የነበረው የሟች አባቱ ፎቶግራፍም ሳይለይ አብሮ ሄደ። ማስታወቂያው ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። እኩለ ሌሊት ሲሆን ደወለልኝ።

መምህር ነኝና ነገሩን በፈተና መሰልኩለት። ተማሪ የሒሳብ ጥያቄ ሲሠራ መልሱ አንድ መስመር ነው፤ ማስሊያው ወረቀት ግን ሁለትና ሦስት ገጽ ይፈጃል። ስክራች ዲስክ የተባለውም ይኸው ማስሊያ ወረቀት ነው። ፎቶሾፕ ሥዕሉን የሚሠራው በራም ላይ ሲሆን፣ ራሙ ሲጠበው ትርፉን በዲስኩ ላይ በጊዜያዊ ፋይል ይጽፋል። ቶማስ ኖልና ጆን ኖል የተባሉት ወንድማማቾች የደረሱት ይህ ፕሮግራም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 ለገበያ ሲወጣ፣ የተራ ኮምፒውተር ራም በሜጋባይት እንጂ በጊጋባይት አይቆጠርም ነበር። ዛሬ ራሙ አድጓል፤ ሥዕሉም አብሮ አደገ።

«ረዞሉሽኑን ስንት አደረግኸው?» አልኩት።

«300። ጥራት ይኖረዋል ብለውኝ ነው።»

ስሌቱን እንየው። 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ሥዕል በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲደረግ 23,622 በ11,811 ይሆናል፤ ይኸውም ወደ 279 ሚሊዮን ፒክስል ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ባይት ስለሚፈልግ፣ አንዱ ሙሉ ሌየር ብቻውን 837 ሚሊዮን ባይት ያህል ይይዛል። በ16 ቢት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ነው። በዚህ ላይ ፎቶሾፕ የኋላውን እርምጃ ለመመለስ ሲል ያለፈውን ሁሉ በሂስትሪ ያስቀምጣል፤ በአዲሶቹ ቅጂዎች ቁጥሩ ከመነሻው 50 ነው። ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር የሚለውጥ እርምጃ አሥር ጊዜ ቢደገም ማስሊያው ወረቀት የት እንደሚደርስ አንባቢ ራሱ ይገምት! ረዞሉሽኑ 100 ቢሆን ግን ያው ባነር 31 ሚሊዮን ፒክስል ብቻ ነው፤ ከዘጠኝ አንድ እጅ ማለት ነው። ከጥቂት ሜትር ርቀት ለሚታይ ባነር ይህ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ የሚያትመውን ክፍል አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ክሮፕ በሚደረግበት ጊዜም 3000 ፒክስል ለማለት 3000 ሴንቲ ሜትር ጽፎ ኮምፒውተሩን የሚያስጨንቅ ሰው አጋጥሞኛል።

ሁለተኛው ተጠያቂ መብራት ነው። ፎቶሾፕ በሥርዓቱ ሲዘጋ ጊዜያዊ ፋይሉን ራሱ ያጠፋል። በሥራ መካከል መብራት ድንገት ከሄደ ግን ፋይሉ ቴምፕ በተባለው ፎልደር ውስጥ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። በባልንጀራዬ ኮምፒውተር ላይ «ፎቶሾፕ ቴምፕ» ብለው የሚጀምሩ እንዲህ ያሉ ፋይሎች ብዙ ጊጋባይት ይዘው ተገኙ።

በዚህ ጊዜ ትልቁ ስሕተት ተናዶ ፎቶሾፕን መዝጋት ነው፤ ዲስኩ ሞልቶ ሳለ ሴቭ ማድረግም እንቢ ሊል ይችላልና ያልተቀመጠው ሥራ ይጠፋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ክፍት እንደ ሆነ በውጭ በኩል ቦታ እንዲያስለቅቅ ነገርኩት። የቆዩትን ቴምፕ ፋይሎች አጠፋ፤ አሁን የሚሠራበትን ዊንዶውስ ራሱ አላስነካውም። ከዚያ ሥራውን ሴቭ አደረገ። ቀጥሎ በኤዲት ሥር ፐርጅ የሚለውን መርጦ ሂስትሪውን አራገፈ፤ ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ እንደሌለ አስቀድሜ አስጠንቅቄዋለሁ። በመጨረሻም የሥዕሉን ረዞሉሽን ወደ 100 አወረደ።

ሌላ ሰፊ ዲስክ ላለው ሰው፣ በፕሪፈረንስስ ውስጥ ስክራች ዲስክስ በሚለው ገብቶ ማስሊያውን ወደዚያ ማዛወር ይሻላል። ፎቶሾፕ ጭራሽ አልከፈትም ካለ ደግሞ፣ በሚነሣበት ጊዜ ኮንትሮልና አልት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ይኸንኑ ምርጫ ያወጣል። ፍላሽ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቀርፋፋ ነው።

የተሰረዙት ፎቶግራፎችሳ? ባልንጀራዬ የሰረዛቸው ሁሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ተከማችተው ነበር። እዚያ እስካሉ ድረስ የዲስኩን ቦታ እንደያዙ ስለሚቆዩ፣ ያን ሁሉ ሲሰርዝ አንድም ባይት አልለቀቀም። ያው ስሕተት ግን አተረፋቸው፤ ሁሉንም ወደየቦታቸው መለሰ፤ የአባቱንም ፎቶግራፍ በዚያው ሌሊት በሌላ ዲስክ ገለበጠ። ባነሩ በማግሥቱ ከረፋዱ ላይ ተሰቀለ። አለቃው ቀለሙ ትንሽ ደመቀ አሉ፤ ስለ ጥራቱ ግን ያነሣ ሰው አልነበረም።