ጅብ ከእንጦጦ ወደ የካ የሚወርደው ለምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባለው የእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ለሚኖረው የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የጅብ ጩኸት እንግዳ ድምፅ አይደለም። ለኪዳንና ለቅዳሴ በሌሊት የሚነሱ ምዕመናን፣ ማገዶ ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱ ሴቶችና የሌሊት ጥበቃ ሠራተኞች ጅብን በቅርብ ያውቁታል። በአብዛኛው ኅብረተሰብ ዘንድ ግን ጅብ የሚታወቀው በተረቱ አያ ጅቦ ሆዳምነትና ሞኝነት ነው። ይህ ግንዛቤ ለተረት ይበቃ ይሆናል፤ ለጽዳት አስተዳደርና ለእንስሳት ጤና ሥራ ግን አያገለግልም።

በከተማዋ ዙሪያ የሚታየው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ነው። ክብደቱ ባብዛኛው ከ45 እስከ 80 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሲሆን፣ ሴቷ ከወንዱ በአካል ትገዝፋለች። ይህ እንስሳ ለረጅም ዘመን የአንበሳ ትራፊ ለቃሚ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። አስተሳሰቡን የለወጠው ሃንስ ክሩክ የተባሉት የሆላንድ ተወላጅ ተመራማሪ በታንዛኒያ ሰረንጌቲና ንጎሮንጎሮ አካሂደው እ.ኤ.አ በ1972 በመጽሐፍ ያሳተሙት ጥናት ነው። በንጎሮንጎሮ ጅቦች ከሚመገቡት አብዛኛውን ራሳቸው አድነው የሚገድሉት እንደሆነ፣ እንዲያውም አንበሳው ጅቦች የጣሉትን ነጥቆ የሚበላበት ጊዜ ብዙ እንደነበር ጥናቱ አረጋግጧል።

የጅብ አደን ከነብር አደን በእጅጉ ይለያል። ነብር አድፍጦ በአጭር ርቀት ይዘላል፤ የያዘውንም ጉሮሮውን አንቆ ይገድላል። ጅብ ግን ጉልበቱ በትዕግሥት መሮጥ ላይ ነው። በመጀመሪያ ወደ መንጋው ገስግሶ እንስሳቱን ያስበረግጋል፤ ከዚያም የሚያነክሰውን፣ የደከመውን ወይም ወደ ኋላ የቀረውን ለይቶ ያባርራል። ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ በርከት ላሉ ኪሎ ሜትሮች ሳይታክት መከተል ይችላል። የደረሰበትን እንስሳ የሚነክሰው የኋላ እግሩንና ሆዱን ነው። በሌሊት ደጅ ታስራ ያደረች አህያ ለእንዲህ ዓይነቱ አዳኝ ምን ያህል ቀላል ሲሳይ እንደምትሆን መገመት አያዳግትም፤ መሮጥ አትችልምና።

ጅብ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሥጋ ሊበላ ይችላል። ይህ ተራ ስግብግብነት ሳይሆን በመንጋ መኖር ያመጣው ፉክክር ነው፤ የዘገየ ይጾማልና። የመንጋጋ ጥርሶቹ የትልልቅ ከብቶችን አጥንት ይሰባብራሉ፤ ጨጓራውም አጥንቱን ይፈጨዋል። ኩሱ ደርቆ እንደ ኖራ የሚነጣውም ከአጥንቱ በሚገኘው ካልሲየም ምክንያት ነው። ፀጉርና ሰኮናውን ግን መልሶ ይተፋዋል።

የመንጋው አመራር የሴቶች ነው። ማዕረግ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ወንዶቹ ለአቅመ አደን ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ የተወለዱበትን መንጋ ትተው ሌላ ፍለጋ ይሄዳሉ። እናቲቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ግልገል ትወልዳለች፤ ከአንድ ዓመት በላይም ታጠባቸዋለች። በመሆኑም ሩቅ ሄዳ በልታ በየዕለቱ ወይም በየጥቂት ቀኑ ወደ ዋሻዋ መመለስ ይኖርባታል። ሌሊት በአስፋልት ላይ የምትታየው ጅብ መንገድ የጠፋት ሳትሆን ሥራ ላይ ያለች ልትሆን ትችላለች።

የእንጦጦ አቀማመጥ ለዚህ ኑሮ የተመቸ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው የባሕር ዛፍ ደን ቀን መሸሸጊያ ይሆናል፤ እንደ ቀበና ያሉት ወንዞች የቦረቦሯቸው ሸለቆዎችም ከተራራው ወደ ከተማዋ የሚያደርሱ ስውር መንገዶች ናቸው። የጎደለው አደን ነው። የምኒልክ ድኩላ በተራራው ላይ ቢኖርም፣ በባሕር ዛፍ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ ስለሚሳሳ የዱር እንስሳት ብዛት ለጅብ መንጋ የሚበቃ አይደለም። ቀሪውን የሚሞላው ከተማው ነው፤ ከልኳንዳ ቤት የሚወጣው አጥንት፣ የጓሮ እርድ ትራፊ፣ ወደ ገደል የሚጣለው የሞተ ውሻና አህያ፣ ሞልቶ የፈሰሰው የቆሻሻ ገንዳ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የቆዳ ዋጋ በመውደቁ በበዓል ማግስት የበግና የፍየል ቆዳ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ይታያል።

ይህ ሲሳይ ሲቋረጥ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ የሰጠው በአገራችን የተካሄደ ጥናት ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ በትግራይ የጅብ ኩስ ሰብስበው፣ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር በመለየት ጅቦች ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከፋሲካ በኋላ ምን እንደሚመገቡ መርምረዋል። በ55ቱ የጾም ቀናት እርድ ቀርቶ ልኳንዳ ቤቶች ሲዘጉ፣ የአህያ ፀጉር የተገኘበት ኩስ መጠን ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ከፋሲካ በኋላም መልሶ ቀንሷል። በሌላ አነጋገር ጥራጊ ሲለቅም የከረመው ጅብ ጥራጊው ሲጠፋ ወደ አዳኝነቱ ተመልሷል። በአዲስ አበባ በጾም ወቅትም ሥጋ የሚያቀርቡ ቤቶች ስላሉ ለውጡ የዚያን ያህል ላይጎላ ይችላል። ሆኖም በየካ ዳርቻ አህያና በግ የሚያረቡ ቤተሰቦች በጾሙ ወራት በረታቸውን አጥብቀው ቢዘጉ አጉል ጥንቃቄ አይባልም።

በሌላ በኩል የጅብን ጥቅም በቁጥር ያስቀመጠ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ በ2021 የታተመው ይኸው ጥናት በመቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት በድንና ተረፈ ሥጋ እንደሚያስወግዱ ገምቷል። በዚህም በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያዙ ይችሉ የነበሩ 5 ሰዎችና 140 የቤት እንስሳት በየዓመቱ ከበሽታ እንደሚድኑ አስልቷል። የሐረር ሰዎች ይህን ያለ ስሌት የተረዱት ይመስላል፤ በጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ መተላለፊያ የሚሆኑ ቀዳዳዎችን ትተዋል።

ይህ ሁሉ ግን ጅብ ጉዳት አያደርስም ማለት አይደለም። ሕፃናትን፣ ደጅ የሚያድሩ ሰዎችንና ሕሙማንን ሊያጠቃ ይችላል፤ አደጋው በደረሰ ቁጥርም "ይገደል" የሚል ድምፅ ይሰማል። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ሰው ላይ አደጋ ያደረሰን እንስሳ በሚመለከትም ውሳኔው የሚመለከተው የመንግሥት አካል እንጂ የግለሰብ መርዝ ወይም ወጥመድ ሊሆን አይገባም። መርዝ ውሻውንና ጥንብ አንሳውንም ይጨርሳል። ከዚህም በላይ ምግቡ እስካለ ድረስ በተገደለው ጅብ ምትክ ሌላው መምጣቱ አይቀርም፤ ከመንጋቸው የተለዩት ወንዶች የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ክፍት ቦታ ነውና። ለዚህ ነው ከጥይቱ ይልቅ የገንዳው በወቅቱ መነሳትና የሞቱ እንስሳት በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር የበለጠ የሚሠራው።

እንደ ማንኛውም አጥቢ እንስሳ ጅብም በእብድ ውሻ በሽታ ሊያዝ ይችላል። በጠራራ ፀሐይ ወደ ሰው የሚመጣ፣ የማይፈራና የሚንገዳገድ ጅብ ሲታይ ሰውን ከአካባቢው አርቆ ለወረዳው ማሳወቅ ያስፈልጋል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ካጠበ በኋላ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳይል በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመር ይኖርበታል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ሕይወትን የማትረፍ ዕድል የለም ማለት ይቻላል።