ጫጩት በደጅ፥ ሕፃን በጓዳ

በአውሮፓና በአሜሪካ እንሽላሊትን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አኑረው የሚቀልቡ ሰዎች አሉ። ከነዚህም እንስሳት አንዷ ከአፍጋኒስታን፥ ከፓኪስታንና ከሕንድ አገር የተገኘችው፥ ቆዳዋ እንደ ነብር ዝንጉርጉር የሆነው ጌኮ ናት። ቀን በድንጋይ ሥር ተሸሽጋ ሲመሽ የምትወጣ በመሆንዋ አሳዳጊዎችዋ «የፀሐይን ጨረር የሚተካ መብራት ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም?» እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ምግብዋ ላይ የቫይታሚን ዲ ዱቄት ከተነሰነሰላት ያለ መብራት መኖር ትችላለች። ሆኖም በ2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ የእንስሳት ሐኪሞች ጥናት፥ በቀን ለ2 ሰዓት ብቻ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ያገኙት ጌኮዎች በደማቸው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዲ ካላገኙት በልጦ መገኘቱን አስረድቷል። የሌሊት ፍጥረት የተባለችው እንኳ ከብርሃን ትጠቀማለች ማለት ነው።

«ታዲያ ይህ ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም ወሬውን ያነሣነው ለእንሽላሊት ተጨንቀን አይደለም፤ ለእንስሳ የተጠየቀው ጥያቄ ለሕፃን ልጅም ሊጠየቅ ይገባዋል ብለን ነው።

ነገሩ የተመረመረው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኤድዋርድ ሜላንቢ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ቡችሎችን ከቤት ሳያወጣ በአጃ ቢያሳድጋቸው አጥንታቸው ለሰለሰ፤ የዓሣ ጉበት ዘይት የተሰጣቸው ግን ከበሽታው ዳኑ። በዚያው ዓመት የበርሊኑ ሐኪም ኩርት ሁልድሺንስኪ እግራቸው የተንጋደደ ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት መብራት አከመ። አንዱን ክንድ ብቻ ለብርሃን ቢያጋልጥ የሌላውም ክንድ አጥንት አብሮ ጠነከረ። ከዚህም የተነሣ፥ ቆዳ ከብርሃን የሚያበጀው ነገር በደም አማካይነት ወደ መላ ሰውነት እንደሚዳረስ ታወቀ። ይኸውም ቫይታሚን ዲ ነው። እርሱ ሲጎድል በሕፃናት ላይ የሚመጣው የአጥንት መለስለስ ሪኬትስ ይባላል።

አገራችን ለረጅም ዘመን በ13 ወር ፀሐይዋ ለጎብኝዎች ስትታወቅ ኖራለች። ጋይንት ደግሞ በዚህ ጸጋ ከማንም አያንስም። ስሟ ነፋሷን የሚመሰክረው ነፋስ መውጫ 3 ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥርም የአልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል። ነገር ግን ፀሐይ በደጅ መኖሯ ብቻ ሕፃኑን አይጠቅመውም። የደጋው ብርድ ከባድ ነው፤ ምችና የሰው ዓይንም ይፈራሉ። ስለዚህ ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ፥ ብዙ ጊዜም ከዚያ በኋላ፥ ሕፃኑ በጋቢ ተጠቅልሎ በጓዳ ይውላል። ጨረሩ በልብስም በመስኮት መስታወትም አያልፍም። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን አቻ የሌለው ምግብ ቢሆንም በውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ ጥቂት ነው። እንግዲህ ጫጩቷ ከእናቷ ጋር ደጅ ስትጭር ውላ ድርሻዋን ታገኛለች፤ የቤቱ ሕፃን ግን ሳያገኝ ይቀራል።

ጉዳቱ በእግር መንጋደድ ብቻ አያበቃም። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ደረት ይደክማል፥ መተንፈስም ይከብዳል። በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተጠንቶ በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የዶክተር ሉሉ ሙሔና የባልደረቦቻቸው ሥራ ይህን አሳይቷል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ዎቹ ሪኬትስ ሲገኝባቸው፥ ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር በጋይንት የተቆጠረ ባይሆንም፥ ማንንም ወላጅ ሊያሳስብ የሚገባ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት፥ ሕፃኑን ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፥ ከነፋስ በተከለለ ግድግዳ ሥር፥ ዓይኑን ሸፍኖና ገላውን ገልጦ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ፀሐይ ማሞቅ ነው። የቀትር ፀሐይ ግን ለገላው አይበጅም። በክረምት ደመናው ጋብ ባለ ቁጥር ማውጣት ይቻላል። በግቢ ውስጥ መሞቅም የክርስትናውን ሥርዓት አያፈርስም። እግሩ የተንጋደደ ወይም መቀመጥና መቆም የዘገየ ሕፃን ሲታይ ግን በፀሐይ ብቻ ሳይታመኑ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያሻል፤ ቫይታሚኑንም ካልሲየሙንም መጥኖ የሚሰጠው ሐኪም ነውና።

በነዚህ ወረዳዎች በመምህርነት፥ በግብርና ወይም በአስተዳደር ሥራ የተመደባችሁ ወጣቶች፥ ይህን ምክር ስታደርሱ አያቶችን ከመንቀፍ ተጠንቀቁ። ሕፃኑን የሚጠቀልሉት ስለሚወዱት ነው። «እማማ፥ ብርዱን ፈርተው መሸፈንዎ ደግ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግን ጥቂት ፀሐይ ያሙቁት» ቢባሉ ይሰማሉ። ባዕድ አገር ለጌኮ መብራት በገንዘብ ይገዛል፤ የእኛ ሕፃናት የሚያስፈልጋቸው ግን በነፃ ከደጃቸው የቆመ ነው። ሰው ሁሉ ያወቀውን ነገር «አገር ያወቀው፥ ፀሐይ የሞቀው» እንላለን። ይህም ምክር እንደዚያ አገር ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።