የፋይበር ኦፕቲክ ትራንሲቨርን ከመሣሪያው ስለ መንቀል

በባሕር ዳር ከተማ፣ በግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ከሚገኝ አንድ ባንክ ገንዘብ ስታወጡ፣ የሒሳባችሁ መረጃ በአብዛኛው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። የሚያደርሰውም በመስታወት ክር ውስጥ የሚሮጥ ብርሃን ነው። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ጉዞው ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ እንኳ አይፈጅበትም።

ስዊችና ራውተር የተባሉት መሣሪያዎች ግን የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ይህ አስተርጓሚ ትራንሲቨር ይባላል፤ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ በብረት የተሸፈነ ዕቃ ነው። ኤሌክትሪኩን በሌዘር አማካይነት ወደ ብርሃን፣ የመጣውንም ብርሃን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። መሣሪያው ሳይጠፋ እንዲነቀል ሆኖ የተሠራ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ሥራውን አምፖል እንደ መቀየር ይቆጥረዋል። አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ለዓይናችሁ አስቡ። ለረጅም መንገድ የሚያገለግለው ብርሃን 1310 ወይም 1550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ስላለው ለሰው አይታይም። ፀሐይን ያየ ሰው ወዲያው ዓይኑን ይጨፍናል፤ በማይታይ ብርሃን ፊት የቆመ ሰው ግን የሚያስጨፍነው ነገር የለም። እርግጥ የአብዛኞቹ ትራንሲቨሮች ጉልበት አነስተኛ ነው፤ ሩቅ የሚልኩት ግን ያን ያህል የዋሆች አይደሉም። «የእኛ መሣሪያ ጠፍቷል» ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ በክሩ የሚመጣው ብርሃን የሚነሣው ከሌላኛው ጫፍ ነውና። እንግዲህ የክሩን ጫፍም ሆነ የትራንሲቨሩን ቀዳዳ በባዶ ዓይን፣ ይልቁንም በማጉያ መነጽር፣ አትመልከቱ።

ወደ ሥራው ስትገቡ የመስመሩን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ፤ የተሳሳተ መስመር የተነቀለ እንደ ሆነ የአንድ ሆስፒታል ሥራ ሊቋረጥ ይችላል። በሰውነታችሁ ላይ የተከማቸው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳያበላሽ፣ ከመሬት ጋር የተያያዘውን አምባር በእጃችሁ ላይ እሰሩ። ቀጥሎም የማያያዣውን መቆለፊያ ተጭናችሁ አስቀድማችሁ ክሩን አውጡ። የሚሳበው ማያያዣው እንጂ ክሩ ራሱ አይደለም። ከዚያ በኋላ የትራንሲቨሩን የሽቦ እጀታ ወደ ውጭ አጥፋችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። እምቢ ቢል ጉልበት አትጨምሩ፤ መቆለፊያው አለመከፈቱን እየነገራችሁ ነው። ሲሠራ የቆየ ትራንሲቨር ስለሚሞቅም አያያዛችሁ በጥንቃቄ ይሁን።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ክዳኑ ነው። ክሩንም ትራንሲቨሩንም ወዲያው በአቧራ መከላከያ ክዳን ሸፍኑ። ብርሃኑ የሚያልፍበት የክሩ እምብርት ስፋት 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ እጅ ያንሳል። በበጋ ነፋስ የሚያነሣት አንዲት የአቧራ ቅንጣት ያን ሁሉ መንገድ ልትዘጋ ትችላለች። የጣት ወዝም ያው ነው። በሸማ ጫፍ መጥረግ ደግሞ ይብሳል፤ ቅንጣቷን በመስታወቱ ላይ እየጎተተ ይጭረዋልና። ስለዚህ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀው መጥረጊያ ከክዳኖቹ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።