የሚያስቀው ሰው

ፊልም በነጭ ሸራ ላይ የሚታይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። የሚያስቅ አለ፤ የሚያሳዝን አለ። ሁለቱን ያዋሐደም አለ። እንዲህ ያለውን ስናይ በተለይ ልብ የምንለው የሰውየውን ጠባይ ነው።

ቻርሊ ቻፕሊን የተባለ ቀልደኛ በ1913 ዓ.ም. «ልጁ» የተሰኘ ፊልም አሳየ። ንግግር የለበትም። አንድ ድሀ ሰው ተጥሎ ያገኘውን ሕፃን ያሳድጋል። ልጁ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ አሳዳጊው መስታወት ተሸክሞ ይደርስና ጠግኖ ይከፈለዋል! እንስቃለን። ኋላ የሕፃናት ማሳደጊያ ሰዎች ልጁን ሲወስዱት ግን እያለቀሰ ይጣራል፤ ያው ቀልደኛ በየጣራው ላይ እየሮጠ ይከተላቸዋል። ስቀንበት ስለወደድነው ኀዘኑ ይብስብናል።

በአገራችንም የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ በ1968 ዓ.ም. «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚባለውን ፊልም አወጣ። ታሪኩ በባላባት መሬት ስለሚያርስ ቤተሰብ ነው። ባላባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ይሳደባል። መሬቱን የተነጠቀ ከበበ የሚባል ሰውም አለ። ሰው እብድ ይለዋል። ጮኾ ሲለፈልፍ ሳቅ ይመጣል። ቆየት ብለን ስንሰማው ግን ገበሬው በሆዱ ይዞት የኖረውን በአደባባይ የሚያወጣው እሱ ነው። በጋይንት ወይም በስማዳ ሠርግ አዝማሪው ቤቱን ሲያስቅ፣ ነገሩ ለማን እንደተወረወረ የሚያውቅ ያውቃል። ይህም እንደዚያ ነው።

በመጨረሻ ከበበ ባላባቱን ይገድላል። ያን ጊዜ የሚስቅ የለም።