ከአገር አገር የሚዘዋወሩ የኩባንያ ሠራተኞችና የጭሳቸው ሒሳብ

በብዙ አገር ቅርንጫፍ ያላቸው ታላላቅ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። አንድ ሥራ አስኪያጅ ሲዛወር ቤተ ሰቡና የቤት ዕቃው አብረውት ይጓዛሉ፤ በተዛወረበት አገር ኦቶሞቢል ይሰጠዋል፤ ለዕረፍት ሲመላለስም የአይሮፕላን ቲኬት ይቆረጥለታል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከጥንት ጀምሮ በመዝገብ ሲጻፍ ኖሯል፤ ከነዳጁ የሚወጣው ጭስ ግን አይጻፍም ነበር። ዛሬ እርሱም መጻፍ ጀምሯል። «ይህ የንፋስ መውጫን ነጋዴ በምን ይመለከተዋል?» ለሚል አንባቢ ነገሩን በአጭሩ እናስረዳለን።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ የጭስ ሒሳብ አያያዝ መመሪያ፥ በኩባንያው ምክንያት በሌሎች እጅ የሚወጣውን ጭስ በ15 ክፍል ይመድበዋል። ከእነዚህም 1ኛው የሚገዛው ዕቃ፥ 4ኛው የዚያ ዕቃ ማጓጓዣ፥ 6ኛው የሠራተኞች የሥራ ጉዞ፥ 7ኛው ሠራተኞች ከቤት ወደ ሥራ የሚመላለሱበት ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ከጋይንት ገብስ ቢሸጥ፥ ገብሱ የተጫነበት መኪናና ሥራ አስኪያጁ የተሳፈረበት አይሮፕላን በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ይጻፋሉ ማለት ነው። ገዢው ሲጠየቅ፥ እርሱም በተራው ሻጩን ይጠይቃል።

ጭሱን ለመቀነስ የመጀመሪያው መንገድ ጉዞውን ራሱን ማስቀረት ነው። ለዚህም የአገራችን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ባለሙያዎቹ በአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ በኩል የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ድርጅቱ የአገሩን ልጆች እያሠለጠነ በቦታቸው ስለ ተካ፥ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። በዚያን ጊዜ ስለ ጭስ ያሰበ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የአገር ተወላጅ በተተካ ቁጥር ቤተ ሰብን ከባሕር ማዶ የማመላለሱ ወጪም ጭሱም አብሮ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ የማይቀረውን ጉዞ ማቃለል ነው። የቤት ዕቃ በአይሮፕላን ከሚመጣ በመርከብ እስከ ጅቡቲ፥ ከዚያም በኤሌክትሪክ ባቡር ቢመጣ ጭሱ እጅግ ያንሳል። ኦቶሞቢልን በሚመለከት፥ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ለተዛወረው ሠራተኛ የኤሌክትሪክ መኪና መስጠት በእርግጥ ጭስ ይቀንሳል። የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪዎችም ይህን ለውጥ በጊዜው ሊያስቡበት ይገባል።

ሦስተኛው መንገድ፥ ለወጣው ጭስ ማካካሻ ገንዘብ ከፍሎ ዛፍ ማስተከል ነው። ይህ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ እንጂ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚተካ አይደለም። የተተከለው ችግኝ እስኪያድግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ የአይሮፕላኑ ጭስ ግን ዛሬውኑ አየር ላይ ነው።

እዚህ ላይ የፍትሕ ነገር ይነሣል። የዝናብ መዛባት ክፉኛ የሚጎዳው የጋይንትና የስማዳ ገበሬ አይሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ስለዚህ የራሱን ሹማምንት ጉዞ ሳይቀንስ ከአነስተኛ ሻጭ ብቻ ምስክር ወረቀት የሚሻ ገዢ ቢያጋጥም፥ ነጋዴው «የእናንተስ ሒሳብ የት አለ?» ብሎ በትሕትና ለመጠየቅ መብት አለው።

ነገር ግን ጠያቂ ራሱም መልስ ይዞ መገኘት አለበት። በወረታና በወልዲያ ጎዳና የሚያስጭን ነጋዴ የጫነውን ኩንታል፥ የተጓዘውን ኪሎ ሜትርና የፈጀውን ነዳጅ በደብተር ይያዝ። ባዶውን የሚመለስ መኪናም በመልስ ጉዞው ጭነት እንዲያገኝ ከጎረቤቱ ጋር ይመካከር። ይህን ያደረገ ነጋዴ የነዳጅ ወጪው ይቀንስለታል፤ ገዢው ሒሳቡን በጠየቀው ቀንም ደብተሩን ገልጦ ያሳያል።